የተሰረዘችው «ኤም»

ከእኛ መካከል ፊዚክስ የሚወድ አልነበረም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ቢያንስ አንዲት ቅጽበቱን ሁላችንም እንወዳት ነበር፤ የመሰረዝ ቅጽበት። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። አንዲት መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየከነፈች ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ነጂው ፍሬን ይይዛል፤ መኪናዋ ስንት ሜትር ሄዳ ትቆማለች? ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ ስሌቱ በግሪክ ፊደል፣ ድንጋጤው ግን በአማርኛ ነበር።

የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ሲያስተምረን፣ እኛ የጥያቄውን ግማሽ ሳንገለብጥ መልሱ ብቅ ብሎ ይጠፋ ነበር። ስክሪኑ ሲጠፋ የክፍላችን መምህር ተነስተው በቾክ ያስታምሙናል። ቀስቶቹን ይስላሉ፤ ክብደት ወደ ታች፣ ሰበቃ ወደ ኋላ። ከዚያ እኩሌታው ይጻፋል። በግራም በቀኝም «ኤም» ትገኛለች፤ የመኪናዋ መጠነ ቁስ ናት። መምህሩ ሁለቱንም በአንድ ምት ጭረት ያደርጉባቸዋል። እፎይ! የመኪናዋ ክብደት አልተሰጠንም ብሎ የተጨነቀ ሁሉ ይተነፍሳል። ባዶ ሆነች፣ ሙሉ ሆነች፣ ቮልስ ሆነች፣ ተሳቢ ሆነች፣ መልሱ አንድ ነው።

ይህን እውቀት ታጥቀን ነው ዓባይ በረሃ የወረድነው።

ከበረሃው የሚሻገረው አዲሱ ድልድይ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ፣ አምስት ሆነን ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ እንመጣ ነበር። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ሾፌሩ ማርሽ ቀነሱ፤ አውቶቡሱ እያጓራ እንደ ኤሊ መሳብ ጀመረ። ትንሽ እንደወረድን መንገድ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አየን። ከኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ ረዳቱ ድንጋይ ተሸክሞ ታኮ ሊያደርግ ይሮጣል፤ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ በመስኮት ገባ። አንዲት እናት አማተቡ።

ኢንጂነሪንግ የጀመረው ጓደኛችን ግን የትምህርቱን ፍሬ የሚያሳይበት ሰዓት መጣለት። «ጋሼ፣ ጭነት በመቆም ላይ ለውጥ አያመጣም እኮ፤ በፎርሙላው ይሰረዛል» አላቸው ሾፌሩን። ሰውየው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ የሚሰረዘው ሌላ ነገር ነው» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቅን። የሳቅነው ግን በሾፌሩ ነበር። «ምስኪን፣ አልተማሩም» ብለን።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ዕዳ ነው። ለመክፈል ወደ ታሪክ መመለስ ግድ ሆኖብናል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማዘግየት የተፈለገ ቁልቁለት

ሾፌር ቁልቁለትን የሚፈራው ስለሚያፈጥን ነው። ቁልቁለትን ወደ ሳይንስ ያስገባው ሰው ግን የፈለገው በተቃራኒው ነበር። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ (1564–1642) የሚወድቅ ነገር እንዴት እንደሚፈጥን ማወቅ ፈለገ። ችግሩ ነገር ሲወድቅ ዓይን አይከተለውም፤ ያኔ ደግሞ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት የለም። ስለዚህ አወዳደቁን የሚያዘገይበት ዘዴ አሰበ። ቀጥ ብሎ ከሚወድቅ ይልቅ በትንሹ ባዘነበለ እንጨት ላይ ቢንከባለል ያው ውድቀት ነው፤ ግን የተጎተተ ውድቀት። ቁልቁለት ለጋሊሊዮ ፍሬን ነበር ማለት ነው።

ሙከራውን ራሱ በጻፈው መሠረት እንየው። ርዝመቱ 12 ክንድ የሆነ ሳንቃ፤ በክንድ መለካት የእኛ አያቶች ብቻ ጉዳይ አልነበረም። በሳንቃው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ ተቦረቦረ፤ እንዲለሰልስ ብራና ተለጠፈበት፤ በላዩ ላይ ድቡልቡል የነሐስ ኳስ ተለቀቀ። ለሰዓት ደግሞ ውሃ። ከትልቅ ዕቃ ሥር በቀጭን ቀዳዳ የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ እየተቀበለ በሚዛን ይመዝናል። ብዙ ውሃ ማለት ብዙ ጊዜ ነው። መቶ ጊዜ ደጋገምነው ይላል።

ያገኘው ነገር ደግሞ ልጅ የሚረዳው ነው። በመጀመሪያው ምት ኳሷ 1 ስንዝር ከሄደች፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 ትሄዳለች። ድምሩ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናል፤ ርቀት የጊዜ ስኩዌር ነው። የጥያቄያችን የመጀመሪያ ፎርሙላ ከዚህ ሳንቃ ወረደ። ጋሊሊዮ የከባድና የቀላልን ነገርም አልዘለለውም። ከአሪስቶትል ጀምሮ ከባድ ቶሎ ይወድቃል ሲባል የኖረውን ተቃወመ፤ አየር ባያውካቸው ኖሮ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወርዳሉ አለ። የኛን «ኤም» መሰረዝ የጀመረው እሱ ነው።

መጽሐፉ የታተመው በ1638 ነው፤ ሰውየው ግን ያኔ ነፃ ሰው አልነበረም። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በሚለው ሐሳቡ በ1633 በሮም ተፈርዶበት፣ በፍሎረንስ አጠገብ አርቼትሪ በምትባል ቦታ በቤት እስር ላይ ነበር። አገሩ ውስጥ ማሳተም ስላልቻለ ጽሑፉ ተሻግሮ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ታተመ። መጽሐፉ ሲወጣ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ ሥራው የጻፈው ስለ ከዋክብት አይደለም፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ስላንከባለላት ኳስ ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አሌክሳንደር ኮይሬ የተባለ ስመ ጥር የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ፣ በውሃ ሰዓትና በእንጨት ሳንቃ እንዲህ ያለ ጥራት አይገኝም፤ ሰውየው በሐሳቡ የደረሰበትን ነው ሙከራ አስመስሎ የጻፈው ብሎ ተጠራጠረ። ብዙዎች አመኑት። በ1961 ግን ቶማስ ሴትል የተባለ የድህረ ምረቃ ተማሪ ከመከራከር ይልቅ ሳንቃ ገዛ። የአበባ ማሰሮ በቀጭን ቱቦ ቀድቶ የውሃ ሰዓት ሠራ፤ ኳስ አንከባለለ፤ ጋሊሊዮ ያለውን አገኘ። ይህን ታሪክ እኛ ክፍል ውስጥ የነገረን የለም። ሳንቃ፣ ማሰሮና ኳስ ግን የትም ትምህርት ቤት አይጠፋም ነበር፤ ስክሪኑ ከሚፈልገው መብራት ይልቅ ርካሽ ነው።

ፍሪሲዮን

ኳስ በብራና ላይ ያለ ተቃውሞ ይወርዳል እንበል። መኪና ግን ፍሬን ይዛለች፤ ስለዚህ ሁለተኛዋ ፊደል ትመጣለች፤ «ሚው»፣ የሰበቃ ልክ።

የሷም ታሪክ ረጅም ነው። ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ በ1699 ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ሰበቃ የሚያድገው በሚጫነው ክብደት ልክ ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚነካካው ስፋት ለውጥ አያመጣም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህንኑ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በማስታወሻ ደብተሩ አስፍሮት ነበር፤ ግን አላሳተመውም። ከዚያ ሻርል ኩሎም መጣ። በኤሌክትሪክ ምዕራፍ የምናውቀው ያው ኩሎም ነው። ወታደራዊ መሐንዲስ ነበርና ሮሽፎር በሚገኘው የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ውስጥ፣ ትላልቅ እንጨቶችን በክብደት እየጫነ እየጎተተ ለካ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም በ1781 ሸለመው። ለባሕር ኃይል ጉዳዩ ጨዋታ አልነበረም። መርከብ ተሠርቶ ሲያልቅ በተንሸራታች ቁልቁለት ነው ወደ ውሃ የሚለቀቀው። ሰበቃው ከበዛ መርከቡ መሬት ላይ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ማን ይይዘዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ጋራዥ ውስጥ ያሉ ቃሎቻችንን አስቡ፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1930ዎቹ ወራሪው ጦር ሊማሊሞንና ጣርማበርን ሲቆፍር መኪናውን ከነቋንቋው ይዞት መጣ፤ ጦሩ ወጣ፣ ቃሎቹ ግን ሾፌርና ረዳቱ ጋር ቀሩ። ከእነዚህ ውስጥ «ፍሪሲዮን» የምንላት፣ በግራ እግር የምትረገጠዋ፣ በጣሊያንኛ ትርጉሟ ሰበቃ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ፍሪክሽን» እያልን በእንግሊዝኛ የሸመደድናትን ቃል፣ ረዳቱ በጋሊሊዮ ቋንቋ ሲጠራት ኖሯል። አንድ ቃል መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

እስቲ ጥያቄውን እንሥራው

ኒውተን በ1687 የኃይልን ሕግ ከጻፈ በኋላ ዕቃው ሁሉ ተሟላ። እንግዲህ ያቺን መኪና እናቁማት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 20 ሜትር ነው። ሚው 0.5 ትሁን፤ የስበት ፍጥንጥነት 10። ሜዳ ላይ ፍሬን በሰከንድ 5፣ በሰከንድ 5 እያለ ፍጥነቷን ይቀንሳል። የፍጥነቱን ስኩዌር፣ 400ን፣ ለሁለት ጊዜ 5 ስናካፍል 40 ሜትር።

አሁን ቁልቁለት እናድርገው፤ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ። ስበት ከ5ቱ ላይ 1 ይነጥቃል፤ 4 ይቀራል። 400 ለ8 ሲካፈል 50 ሜትር። ያው መንገድ አቀበት ቢሆን ስበት ያግዛል፤ 6 ይሆናል፤ 33 ሜትር ገደማ። አንድ መኪና፣ አንድ ፍሬን፣ አንድ ፍጥነት፤ ልዩነቱ ግን 17 ሜትር ነው። 17 ሜትር መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሊኖርበት የሚችል ርቀት ነው።

«ኤም»ስ? ክብደት መኪናዋን ወደ ታች ይስባታል፤ ያው ክብደት ጎማውን መንገዱ ላይ ይጫናል፤ ያው ክብደት መቆምን ያስቸግራል። በሦስቱም ቦታ እኩል ስላለች ትሰረዛለች። ጓደኛችን አልተሳሳተም። አሞንቶንም፣ ኒውተንም ይመሰክሩለታል።

እንግዲያው ያ የጭነት መኪና ለምን ጨሰ?

የጠፋችው ሙቀት

መልሱ ያለው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ግን በሌላ ምዕራፍ። ሙቀት የሚባለው ምዕራፍ የመጣው እንቅስቃሴን ተፈትነን፣ ረስተን፣ ዕረፍት ወጥተን ከተመለስን በኋላ ነበር።

በ1798 ካውንት ራምፎርድ የተባለ ሰው፣ ሙኒክ ውስጥ የመድፍ መሥሪያ ሲቆጣጠር አንድ ነገር አስገረመው። የመድፉን አፈሙዝ ሲቦረቡሩ ብረቱ ይግላል። አንድ ቀን የሚቦረቦረውን ነሐስ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በፈረስ የሚዞር ደነዝ መቦርቦሪያ አስገፋበት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ፈላ። እሳት የለም፤ ሰበቃ ብቻ። ያዩት ሰዎች ተደነቁ ይላል። ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ የማንቸስተሩ ጠማቂ ጄምስ ጁል፣ የሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እንዲያዞር እያደረገ፣ ስንት ክብደት ስንት ሜትር ሲወርድ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያሞቀው ለካ። ክብደት ከወረደ፣ ያ መውረድ አይጠፋም። ቀስ ብሎ ከወረደ ደግሞ መውረዱ ወደ ሙቀት ተቀይሯል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ዓባይ በረሃ ላይ እናንብበው።

ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ መንገዱ በየአቅጣጫው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 420 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ይህንኑ መኪና ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ለማቆም የሚያስፈልገው ግን 1.85 ሚሊዮን ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓባይን አንድ ጊዜ መውረድ ሜዳ ላይ ከ220 ጊዜ በላይ ፍሬን ይዞ እንደመቆም ነው፤ ያለ ዕረፍት። በውሃ እንቁጠረው ካላችሁ፣ ያ ሙቀት ከ1,200 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስድስት በርሜል! ነፋሱና የጎማው መንከባለል ጥቂቱን ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ያን ሁሉ የሚሸከሙት ጎማ ውስጥ ያሉት ከበሮዎችና ሸራዎች ናቸው።

«ኤም» ተመልሳ መጣች ማለት ነው። በርቀት ስሌት ውስጥ ትሰረዛለች፤ በሙቀት ስሌት ውስጥ የሚሰርዛት የለም። 5 ቶን ሲጫን አንድ በርሜል ይጨመራል፤ 10 ቶን ሲጫን ሁለት። ተደርቦ የሚጫን ኩንታል ሁሉ የሚፈላ ውሃ ነው።

ከዚያ ክፉው ነገር ይከተላል። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል። ሸራው ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል፤ ሚው 0.5 ነበረች፣ አሁን አይደለችም። እኛ ጥያቄው ላይ «ሚው ቋሚ ናት» ተብሎ ተሰጥቶን ነበር። ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ብሎ ቃል የሚገባልን የለም። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ምንም ነገር ሳይበጠስ ነው።

በዝግታ መውረድ ለምን እንደሚያድን አሁን ይገባናል። ጠቅላላው ሙቀት ያው 420 ሚሊዮን ነው፤ ቁልቁለቱ አያጥርም። በሰዓት 40 ከወረዱት ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይራገፋል፤ በ20 ከወረዱት በአንድ ሰዓት። ፍሬኑ በየሰከንዱ የሚቀበለው በግማሽ ይቀንሳል፤ ነፋሱም ለማቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሞተሩን ከሥራ አሰናብቶ ስድስቱንም በርሜል ለፍሬኑ ይሰጣል።

የካሆን ቁልቁለት

ይህን የከፈለበት አንድ መሐንዲስ አለ። ክሌሲ ከሚንስ አሜሪካዊ የናፍጣ ሞተር ሠሪ ነው። በ1931 የሞተሩን ብቃት ለማሳየት የጭነት መኪና ይዞ ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ ሲነዳ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን የሚባለውን መተላለፊያ ሲወርድ ፍሬኑ ከመጋል ብዛት አልይዝ አለው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ ሲለቁት አይጎትትም፤ ያጨመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል። ከታች የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ ባቡር እያለፈ ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ባለፈበት ቅጽበት እነሱ ሐዲዱን ተሻገሩ። ለጥቂት።

ከሚንስ ያን ቀን አልረሳም። ከድርጅቱ ሥራ ከተገለለ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ቁጭ ብሎ መፍትሔውን ሠራ። ሞተሩ አየሩን አጭምቆ ሲጨርስ የጭስ መውጫው ይከፈትና የተጨመቀው አየር ይለቀቃል፤ መልሶ እንዳይገፋ። ሞተሩ በዚያች ሰዓት መኪና የሚነዳ ሳይሆን የሚይዝ ይሆናል፤ ሙቀቱም በጎማ ሳይሆን በጭስ ማውጫ ይወጣል። ይህ የሞተር ፍሬን በ1961 ጃኮብስ በተባለ አምራች ገበያ ላይ ዋለ። ተማሪው ሴትል የጋሊሊዮን ኳስ ባንከባለለበት በዚያው ዓመት መሆኑ ግጥምጥም ነው፤ ግን ደስ የሚል ግጥምጥም።

ካሆን ላይ ከሚንስን ያተረፈው ዕድል ነው፤ ደጀን ላይ እኛን ያተረፈን ማርሽ ነበር። ሾፌሩ ገና ከአፋፉ ዝቅ ያደረጉት፣ አቀበቱን ሊወጡበት በሚችሉት ማርሽ ነው የወረዱት። እኛ «ኤሊ» ያልነው ነገር ያን ሙቀት ከፍሬን ወደ ሞተር የማሸጋገር ሥራ ነበር። ጁልን አላነበቡ ይሆናል። የጁልን ምዕራፍ ከጋሊሊዮ ምዕራፍ ጋር ያገናኙት ግን እሳቸው ናቸው፤ እኛ ሁለቱንም አንብበን ሳናገናኝ ተፈትነን አልፈናል። ፈተናውም ቢሆን እንድናገናኝ አልጠየቀንም። እንግሊዝኛው ስለከበደን፣ ስክሪኑ ስለቸኮለ፣ «ኤም» ስትሰረዝ ስለቀለለን፣ መኪናዋ የት አገር ቁልቁለት እየወረደች እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ደጀን ናት ቢሉን ኖሮ ምናልባት ስለ ጭሱ እንጠይቅ ነበር።

ያኔ ወንዙን በአዲሱ ድልድይ፣ በ2008 በተከፈተው ባለ 303 ሜትሩ ተሻገርን። ሾፌሩ ከማዶ ጥግ ይዘው አቆሙና ወረዱ። እኛ ሽንታቸውን ሊሸኑ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን አውቶቡሱን መዞር ጀመሩ፤ በየጎማው ጎንበስ እያሉ መዳፋቸውን ወደ ብረቱ ያስጠጋሉ፤ ሳይነኩ ትንሽ ያቆዩታል፤ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ስድስቱንም ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ አድርገው ወጡና ሞተሩን አስነሱ።

አቀበቱ ሲጀመር ማንም አልሳቀም። ጓደኛችንም ስለ «ኤም» ሁለተኛ አላነሳም።